ሹሉ ወደ ላይ

ጋሪው ቁልቁለቱን ሲጀምር ፌልተን ክራይሊንግ ዘሎ ወረደና የኋላውን ጎማ የሚያንቀውን እንጨት በትከሻው ገፋው። ዘሎ ወረደ ይባል እንጂ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው፣ ያውም ዳሌው ውስጥ የፈረንሳይ ጥይት ይዞ የሚኖር ሰው፣ እንዴት እንደሚዘል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱ ላሞች አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ከቀንበሩ ጋር እየተሟገቱ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ወረዱ። በዚያ በታውኑስ ተራራ መንደር ፈረስ ያለው ባለወፍጮው ብቻ ነበር፤ የባለወፍጮው ፈረስ ደግሞ ከትናንት ወዲያ አነከሰ። ስለዚህ ጡረተኛው ሻለቃ ኤግበርት ፎን ሮደን፣ የብረት መስቀል ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁትን ቀን በላም ጋሪ ሊቀበሉት ወደ ከተማ እየወረዱ ነበር።

ሻለቃው ድርቆሽ በተጠቀጠቀበት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። የነሐሴ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ግራጫ ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ ብርዱ ሳንባቸው ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ጉልበታቸው ላይ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አለች። መንገዱ ጋሪውን ባነጠረው ቁጥር፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚደረገው፣ ሣጥኗን በሁለት እጃቸው ከፍ ያደርጓታል።

«ክራይሊንግ!»

«አቤት ጌታዬ ሻለቃ!»

«ቀስ በል እንጂ! አሥራ ሰባት መቶ ዓመት መሬት ውስጥ ደህና የኖረውን አንተ በአንድ ቀን ልትሰብርብኝ ነው?»

«አይሰበርም ጌታዬ። ብረት ነው።»

«ብረት ነው ይለኛል እንዴ! የምድጃ መቆስቆሻም ብረት ነው።»

ፌልተን እንጨቱን አጥብቆ ገፋ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን ከነቀዘ አሥራ አምስት ቀን ሞልቶታል።

በሣጥኗ ውስጥ ያለውን ነገር ከመሬት ያወጣው ራሱ ፌልተን ነው። መንግሥት የድሮውን የሮማውያን ወሰን፣ ጫካውን ሰንጥቀው የሚያልፉትን ግንቦችና ምሽጎች ማስቆፈር የጀመረው ባለፈው ዓመት ነበር። ሥራው ለጡረተኛ መኮንኖችና ለትምህርት ቤት መምህራን ተከፋፈለ፤ የሆልትስባህ መንደር ምሽግ ለሻለቃው ደረሰ። ሻለቃው መንደሩ እንደደረሱ ሚስታቸው የላከችውን ሻንጣ እንኳ ሳይፈቱ የጠየቁት ፌልተንን ነው። በሰባው የፈረንሳይ ጦርነት እሳቸው ሻምበል፣ እሱ ደግሞ በእሳቸው ሥር አሥር አለቃ ነበር። የቆፋሪዎቹ አለቃ አደረጉት። እሱም በጋውን ሁሉ በማይረባ ዳሌው ጉድጓድ ሲወጣና ሲወርድ ከረመ።

ብረቱ ክንድ አይሞላም። አንዱ ጫፉ ሹል ነው፤ ሌላው ጫፉ ወፍራምና ጠፍጣፋ። ከወገቡ ላይ በግራና በቀኝ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ጥምዝ ወጥቶበታል። የተገኘው ከአመድና ከከሰል መካከል፣ ከተሰባበረ አጥንት ጋር ነበር። በዚያን ቀን ሻለቃው ከጉድጓዱ ጠርዝ ሆነው እጃቸውን ዘረጉ፤ ፌልተን አቀበላቸው፤ እሳቸውም ሹሉን ወደ ላይ አድርገው ያዙት። ለወታደር ሹል ነገር ስትሰጠው ወደ ላይ ነው የሚያቆመው። አርባ ዓመት ሳንጃና ጦር የለመደ እጅ ሌላ አያውቅም።

«ዓርማ ነው፤» አሉ ቀስ ብለው። «በዘንግ ጫፍ የሚሰካ የጦር ዓርማ። ቀንዶቹን እይ። አምስት መቶ ሰው ይህን እያየ ነበር የሚዘምተው። አመዱን እይ፤ አጥንቱን እይ። እዚሁ ዙሪያውን ወድቀዋል እንጂ ለጠላት አልሰጡትም።»

ፌልተን ግን ጭቃውን በአውራ ጣቱ ሲጠርግለት ነበር ያወቀው። የአጫጅ መስፍ ነው። ሣር የሚያጭድ ሰው ባለ ረጅም እጀታውን ማጭድ ይዞ ሜዳ ሲወጣ ትንሿን መስፍ አብሮ ይይዛል። ስለቱ ሲደነዝዝበት የመስፏን ሹል መሬት ላይ ይቸክላል፤ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ስለቱን ጠፍጣፋው አናት ላይ አስተኝቶ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ያሳሳዋል። ጥምዙ ጌጥ አይደለም። መዶሻው ባረፈ ቁጥር መስፏ እየሰመጠች እንዳትሄድ መሬቱ ላይ የሚያንተራስ ነው። የዛሬዎቹ መስፎች በጥምዝ ፈንታ መስቀለኛ ብረት አላቸው እንጂ ሌላው ሌላው ያው ነው። ፌልተን ራሱ ከአባቱ የወረሳት አንዲት አለችው።

ሊናገር አፉን ከፈተ። ቀና ብሎ የሻለቃውን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሻለቃው እያለቀሱ ነበር።

ለምን እንደሚያለቅሱ ለፌልተን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በጦርነቱ የመጨረሻ ወር፣ በፈረንሳዮች አገር፣ በረዶ በሸፈነው የወይን እርሻ ውስጥ የክፍለ ጦሩ ሰንደቅ ጠፋ። ሰንደቁን ሊያስመልሱ ከሻምበሉ ጋር ስልሳ ሁለት ሰዎች ገቡ፤ አምስት ወጡ። ከአምስቱ አንዱ ፌልተን ነው፤ እሱንም ጎትተው ያወጡት ሻምበሉ ናቸው። በማግስቱ ፈረንሳዮቹ ሰንደቁን ከሬሳ ክምር ሥር መዝዘው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሻለቃነትን አገኙ፣ ኒሻኑንም አገኙ፤ ነገር ግን አንድም ቀን ደስ ብሏቸው ያየ ሰው የለም። አሁን እንግዲህ ሰንደቃቸውን ሳይሰጡ የሞቱ ሰዎች አገኙ። ማን ነው ይህን የሚነጥቃቸው?

አንድ ቀን ዝም ማለት ቀላል ነው። በሁለተኛው ቀን ሻለቃው ብረቱን በወረቀት ሳሉት፤ ሹሉ ወደ ላይ። በሦስተኛው ቀን አጥንቶቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በምሽጉ ግድግዳ ሥር አስቀበሩ፤ የመንደሩ ቄስ እያቅማሙ አንዲት አባታችን ሆይ ደገሙላቸው። ከዚያ ደግሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከደብዳቤው መልስ መጣ። በየቀኑ ዝምታው ከቃሉ እየከበደ ሄደ። ፌልተን እንደዚያ በጋ ደክሞት አያውቅም፤ ድካሙም የአካፋ ብቻ አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከዶክተር አርንስፔርገር ነው። ዶክተሩ ቁፋሮውን ሁሉ የሚመረምር፣ ጡረተኛ መኮንን የቁፋሮ ጠላት ነው ብሎ በየስብሰባው የሚናገር ወጣት ምሁር ነው። ዛሬ ቀትር ላይ በባቡር ጣቢያው ሆቴል ይጠብቃቸዋል። ሻለቃው ብረቱን ከነሪፖርቱ በፊርማቸው ያስረክባሉ፤ ብረቱ ወደ ሙዚየም ይሄዳል። ቂጣም ከሆነ ይጠፋል፣ ሽልም ከሆነ ይገፋል፤ አንድ ቀን አንድ ገበሬ በመስተዋቱ በኩል ያየውና ይስቃል። ያኔ የሻለቃው ስም የአገር መሳቂያ ይሆናል። ፌልተን ይህን ያውቃል። ከከተማው በፊት መናገር እንዳለበትም ያውቃል። ከመንደር ሲወጡ «ድልድዩ ጋ እነግራቸዋለሁ» አለ፤ ድልድዩ አለፈ። «የድንጋዩ መስቀል ጋ» አለ፤ መስቀሉም አለፈ።

በመንገዱ አጋማሽ ሜዳው ይገኛል። የዓመቱ ሁለተኛ ሣር እየታጨደ ስለነበር አጫጆቹ ለምሳ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አርፈዋል። ከመካከላቸው ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ የሚል የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ፌልተን ጀርባው ላይ ላብ ፈሰሰውና ላሞቹን ጎሰመ። ላም ግን ለቸኮለ ሰው ግድ የላትም። ቦቃዋ ላም አዲሱ ሣር ሸተታትና መንገዱ ዳር ቆመች፤ ጓደኛዋም አብራት ቆመች።

«አንተ ፌልተን!» አለች አንዲት አሮጊት ከጥላው ሥር። የአጎቱ ልጅ ሊስቤት ናት፤ በዚያ ሸለቆ ከዲያብሎስ ይልቅ አፏን የሚፈራው ሰው ይበዛል። «ጥጃ ለገበያ የምትነዳ መስሎኝ! ካፖርት የለበሰ ጥጃ አይቼ አላውቅም ብዬ ስገረም...» ሻለቃውን አየችና ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «በስመ አብ! ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ ሻለቃ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

«ጥጃ ብሆንማ የሚገዛኝ አገኝ ነበር፤» አሉ ሻለቃው እየሳቁ። ፌልተን ሲስቁ ሰማና ላሞቹን እንደገና ጎሰመ።

«እትዬ ሊስቤት፣ ቸኩለናል፤» አለ።

«አንተ መቼ ነው የምትቸኩለው? ለሠርግህ እንኳ ዘግይተህ መጥተህ ሙሽራይቱ ግማሹን ኬክ በልታ ጠበቀችህ።»

አጫጆቹ ሳቁ። ሻለቃው ግን ሣጥኗን መክፈት ጀምረዋል። «ቆይ፣ ቆይ ክራይሊንግ። መሬቱ የእነሱ አይደለም እንዴ? ዶክተሩ ከማየቱ በፊት ይዩት። ኑ፣ ቅረቡ!» ድርቆሹን ገለጥ አደረጉና ብረቱን አወጡ፤ ሹሉን ወደ ሰማይ አቆሙት። «ይህ የሮማ ጦር ዓርማ ነው። አያቶቻችሁ ሳይወለዱ፣ የአያቶቻችሁም አያቶች ሳይወለዱ፣ እዚች ተራራ ላይ ሰዎች ለዚህ ብለው ሞቱ።»

የመዶሻው ድምፅ ቆመ። ከዛፉ ሥር የሊስቤት አማች እግሩን እንደዘረጋ፣ መስፉ በጭኖቹ መካከል መሬት ላይ እንደተቸከለች፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሊስቤት ብረቱን አየች። አማችዋን ዞር ብላ አየች። ብረቱን ደግማ አየች። ከንፈሯ ሲላቀቅ ፌልተን ከሻለቃው ጀርባ ሆኖ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ፤ እንደ ለማኝ ዓይን ዓይኗን እያየ።

«እ... ቆንጆ ነገር ነው ጌታዬ፤» አለች ሊስቤት ቃሏን ውጣ። «ደግሞ ቀንዱ... ቀንዱ ያምራል።»

አማችዋ ሳል መሰል ነገር አሳለና ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ።

ሻለቃው ብረቱን ወደ ሣጥኗ መለሱ። ፌልተን ቦቃዋን በቀንዷ ጎትቶ አስነሣትና ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከጆንያው ላይ አንድ ድምፅ መጣ፤ የሽማግሌው ድምፅ ሳይሆን የድሮው የሻምበሉ ድምፅ።

«አቁም።»

አቆመ።

«ለሴትዮዋ ከኋላዬ ምን ምልክት ሰጠሃት?»

«እኔ ጌታዬ?»

«ዓይኗ በትከሻዬ ላይ አልፎ ሄደና የምትለውን ዋጠችው። ሠላሳ ዓመት ወታደር ያዘዝኩ ሰው ነኝ አሥር አለቃ፤ ሰልፈኛው ከኋላዬ ማንን እንደሚያይ አውቃለሁ። ምን ልትል ነበር?»

ፌልተን ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላ ውሸት ለመፍጠር ጉልበት አልነበረውም፤ እውነቱን ለመናገርም አልነበረውም። ብቻ ውሸቱ ብዙ ቃላት የሚፈልግ መሰለው።

«ሣጥኗን ይስጡኝ ጌታዬ።»

ሰጡት። ብረቱን በሁለት እጁ አወጣው፤ ገለበጠው፤ ጎንበስ ብሎ ሹሉን የመንገዱ አቧራ ላይ አስነካው። ጥምዞቹ ከመሬቱ ትይዩ ሆኑ። ጠፍጣፋው አናት ሰማዩን አየ። ከኋላቸው፣ ከዛፉ ሥር፣ መዶሻው እንደገና ጀመረ፤ ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ። ሻለቃው ወደ ዛፉ ዞረው አዩ፤ ከዚያ ብረቱን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። 

«ማጭድ መቀጥቀጫ፤» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ጌታዬ። የአጫጅ መስፍ ነው።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«የዚያኑ ዕለት።»

«የዚያኑ ዕለት!» ሻለቃው ፊታቸው ቀላ፤ ሳሉ መጣና አጎበጣቸው፤ እስኪያልፍ ጠበቁት። «አጥንቶቹስ?»

ፌልተን መሬት መሬት አየ።

«ተናገር።»

«የጥጃ ናቸው ጌታዬ። የጉልበቱ አጥንት ያስታውቃል። አርደው የበሉት መሰለኝ።»

«ቄሱ ጸሎት ያደረሱለት?»

«አዎ ጌታዬ። ጥጃ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። ሻለቃው እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱ። 

«ገደል ውስጥ ስገባ ቆመህ አየኸኝ አሥር አለቃ ክራይሊንግ። ለዶክተሩ ስጽፍ ቀለሙን ያቀበልከኝ አንተ ነህ። ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም አላደረጉኝም ጌታዬ። ደስ ብሎዎት ነበር።» ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደስ ብሎዎት አላየሁም። ዛሬ ልንገራቸው፣ ነገ ልንገራቸው ስል... ደከመኝ። እግዜር ያውቃል፣ ድንጋይ ስሸከም የዋልኩ ያህል ደክሞኛል። ካልፈለጉ እንመለስ። ሳንባዬ ታመመ ብለው ይላኩበት፤ ሐሰት አይደለም።»

ሻለቃው የመንገዱን ቁልቁለት አዩ። የከተማው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከዛፎቹ በላይ ይታያል፤ የባቡሩ ጭስም ወደ ጣቢያው እየተጠጋ ነው። ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፌልተን «እንመለስ» እንዲሉ ተመኘ፤ በመመኘቱም አፈረ።

«ንዳው፤» አሉ።

ዶክተር አርንስፔርገር በሆቴሉ ጀርባ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛውን አረንጓዴ ጨርቅ አልብሶ ጠበቃቸው። መነጽሩን በወርቅ ሰንሰለት ያሠረ፣ ጢሙን በቅርቡ ያሳደገ ሰው ነው። ሊተች ነበር የመጣው፤ ነገር ግን የሻለቃውን ሥዕል ካየ ወዲህ ስስት ይዞታል። እንዲህ ያለ ዓርማ በወሰኑ ርዝመት ሁሉ ተገኝቶ አያውቅምና በሚመጣው ሳምንት በማኅበሩ ስብሰባ የሚያነበውን ንግግር አዘጋጅቶ ጨርሷል። ፌልተን ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በሩ አጠገብ ቆመ።

«ክቡር ሻለቃ!» አለ ዶክተሩ ብረቱን በመሀረብ ይዞ ወደ መስኮቱ እያነሣ፤ ሹሉን ወደ ላይ። «እኔ በመኮንኖች ሥራ ላይ ምን እንደምል ሰምተዋል። ዛሬ ግን ባርኔጣዬን አነሣለሁ። አሠራሩን ይዩት! ከዘንጉ ጋር በቆዳ እንደታሠረ ገምቻለሁ...»

ሻለቃው ገና አልተቀመጡም። ፌልተን ከጀርባቸው ሆኖ አንገታቸውን ያያል፤ ከሲታ፣ የተሸበሸበ፣ ቀጥ ያለ አንገት። እንዲህ ከሆነ ዝም ብለው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ዶክተሩም አምኗል። ከሁለታቸውና ከጥቂት አጫጅ በቀር የሚያውቅ የለም። ፌልተን በዚያች ሰዓት ዝም ቢሉ እንደማይፈርድባቸው ለራሱ ተናገረ።

«ዶክተር፣ ገልብጠው ይያዙት፤» አሉ ሻለቃው።

«ምን አሉኝ?»

«ሹሉን ወደ ታች። መስፍ ነው። ሣር አጫጅ ስለቱን የሚቀጠቅጥበት። የጻፍኩልዎት ሁሉ ስሕተት ነው፤ ሪፖርቱን ልቀድደው ነው የመጣሁት።»

ዶክተሩ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«የቆፋሪዎቼ አለቃ።»

«ገበሬው?» ፌልተንን ከባርኔጣው እስከ ጫማው አየው። «ክቡር ሻለቃ፣ ገበሬ የሚያየው ቤቱ ያለውን ነው። ነገ የሮማን ጽዋ ቢያሳዩት የጎመን መጭመቂያ ነው ይልዎታል። ለዚህ ብለን...»

«ክራይሊንግ፣ አሳየው።»

ፌልተን ወደ ጠረጴዛው ሄደ። በጭቃ ጫማው ምንጣፉን ሲረግጥ አልተጨነቀም፤ ለመጨነቅም ደክሞት ነበር። ብረቱን ከዶክተሩ እጅ ተቀብሎ አናቱን በጥፍሩ ነካ።

«እዚህ ይዩ ጌታዬ። ጠርዙ በመዶሻ ብዛት ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። ዓርማ በመዶሻ አይመታም፤ ይመታል እንዴ? ደግሞ በዚህ በኩል ነው የበለጠ የተበላው፤ በዚያኛው አይደለም። የእኔ መስፍ በዚያኛው ነው የተበላው። የዚህ ባለቤት ግራኝ ነበር። ስለቱን በቀኙ ይዞ በግራው ይቀጠቅጣል። ደግሞ...» አመነታ። «ደግሞ ጎበዝ አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ አይመታም፤ ይባዝናል። የእንዲህ ያለ ሰው ማጭድ ጥርስ ያወጣል።»

ዶክተሩ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ሲያይ ያያል። ቀና ሲል ጆሮው ቀልቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ንግግሩን አጥፎ ወደ ቦርሳው ከተተ።

«ትክክል ነው፤» አለ በቀዘቀዘ ድምፅ። «ነገር ግን ክቡር ሻለቃ፣ ደብዳቤዎ እጄ ላይ ነው። ለማጭድ መስፍ የተጻፈ የአሥራ ሁለት ገጽ የጦርነት ታሪክ። ይህን ለበላዮቼ ሳላሳይ ልቀር አልችልም። የሆልትስባህን ምሽግ ከመስከረም በኋላ ሌላ ሰው የሚይዘው ይመስለኛል።»

«ይገባኛል፤» አሉ ሻለቃው። ተረከዛቸውን አጋጭተው ሰላምታ ሰጡና ወጡ።

በሆቴሉ ግቢ ላሞቹ ከገንዳው ውሃ ይጠጣሉ። ሻለቃው የጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ዛሬ ገና ካፖርታቸውን አወለቁና አጠገባቸው አኖሩት። ፌልተን የቦቃዋን የአንገት ማሠሪያ ይፈታል፣ ያስራል። ቁፋሮው እንዳለቀ፣ ሰውዬው ከመንደሩ እንደሚሄዱ፣ ምናልባትም ከእንግዲህ እንደማይገናኙ ያስባል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ ይላል በልቡ። የመጀመሪያውን ቀን ብናገር ኖሮ ደብዳቤው ባልተጻፈ። ጸጸቱ ከዳሌው ጥይት በላይ አመመው።

«ክራይሊንግ።»

«አቤት ጌታዬ።»

«አሥራ አምስት ቀን አለቀስኩላቸው። ስማቸውን ሳላውቅ። ግማሾቹን መልካቸውን ሁሉ በሐሳቤ ሠርቼላቸው ነበር። አንዱ አንተን ይመስል ነበር።» በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠረጉ። «ስለዚህ ማንም አልሞተም ማለት ነው?»

ፌልተን እጁ ማሠሪያው ላይ ቆመ። ጥያቄውን እንዲህ አስቦት አያውቅም ነበር።

«እዚያ ቦታ አልሞተም ጌታዬ። ለፈረሶቻቸው ሣር ሲያጭዱ ነበር። ጥጃ አርደው በልተዋል። ያ ግራኙ ሰውዬ መስፉን ጥሏት ነው የሄደው።»

«አምስት መቶ ሰው፣ ሣር አጭዶ፣ ጥጃውን በልቶ፣ ሄደ።» ሻለቃው መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ እንባ ተለወጠ፤ ፌልተን ግን ሳቁም እንባውም የእውነት እንደሆነ አየ። «ሁሉም በሕይወት። እግዚአብሔር ይመስገን! ሁሉም በሕይወት ሄዱ።» ከዚያ ቀና አሉ። ዓይናቸው እንደ ልጅ ዓይን ይለምናል። «ወደ የቤታቸው ገቡ ብለህ ታስባለህ?»

ፌልተን የሽማግሌውን ፊት አየ። «አዎ ጌታዬ፣ ገብተዋል» ቢል ምንም አይጎድልበትም። አንዲት ቃል ናት፤ ደግ ቃል ናት፤ የሚያጋልጠው ሰው ደግሞ በምድር ላይ የለም። ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር።

«አላውቅም ጌታዬ፤» አለ።

 ሻለቃው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ ተደግፈውት፣ ከጋሪው ወረዱ።

«ደግ አደረግህ፤» አሉ። «ከእንግዲህ እንዲህ እያልክ መልስልኝ።»